የአስረኛው ሚስኪን ጉርሻ

መርካቶ ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤቴ «ወላሂ» ሳይል አንድ ሜትር ቀዶ አያውቅም። «ወላሂ በገባበት ዋጋ ነው የሰጠሁህ!» ይላል። ሁሉም በገባበት እየወጣ ሰውየው ፎቅ በፎቅ ላይ እንዴት እንደደረበ ፎቁ ይጠየቅ። መሐላ ሸቀጥ ያራግፋል፣ በረካን ግን ያጠፋል የሚል የነቢዩ ሐዲስ አለ፤ እሱ ጆሮ የገባው ማራገፉ ብቻ ነው።

በልማድ ከአፍ የምታመልጥን «ወላሂ» ቁርአን ያልፋታል። እያወቁ በሐሰት የሚምሉት ግን የከበደ ነው፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት ከፋራ (የመሐላ ማካካሻ) አያነሳውም፣ የሚያነሳው ተውበት (ንስሐ) ነው ይላሉ። ጎረቤቴን እንቅልፍ የነሳው ይህ እንዳይመስላችሁ። ተጣልቶ «ወላሂ የእህቴን ባል ደጅ አልረግጥም» ብሎ ነበር፤ እህቱ ወንድ ልጅ ወለደችና ለአቂቃው፣ ለልደቱ እርድ፣ ሁለት በግ ተጎትቶ ገባ።

ሼኹ ዘንድ ሮጠ።

«ከማልክበት የተሻለ ነገር ካየህ የተሻለውን አድርግ፤ ለመሐላህ ከፋራ አውጣ። አስር ሚስኪን አብላ ወይም አልብስ» አሉት። ባሪያ ነጻ ማውጣትም ከምርጫው አለበት፤ እሱ እንኳን ዘመኑ አልፏል።

«ሦስት ቀን መጾምስ አለ አይደል?»

«እሱ ላጣ ሰው ነው።»

«እንግዲያው ላልብሳቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ገዢ ያጣ ግራጫ ጣቃ አለኝ።»

ሼኹ ትክ ብለው አዩት። ማብላት ይሻላል ተባለ።

ቁርአኑ ቤተሰባችሁን ከምትመግቡት መካከለኛውን ይላል። «የእኛ ቤት መካከለኛ ሽሮ ነው» አለ ጎረቤቴ። ሚስቱ ማማሰያዋን አስቀመጠች። «ሽሮ የቀረበ ቀን ፊትህ የሚጠቁረው እኔ ላይ ነው። እሱ መካከለኛ ከሆነ ታችኛው ምንድን ነው?» ሽንኩርቱ ተቁላላ፣ ምንቸት አብሽ ተሠራ።

አስር ሰው ተቀመጠ። እኔም ሽታው ጎትቶኝ ጠጋ አልኩ። «አንተ አትቆጠርም» አለኝ፤ ሚስኪንነቴን አከራዬ ይመሰክሩልኝ ነበር።

አስረኛው ሽማግሌ አራቴ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ጎረቤቴ ደነገጠ፤ በአራት ጉርሻ ጠገቡ ይባል ይሆን? የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ጠቅልሎ ተነሳ።

«አባባ፣ ወላሂ ይህችን ሳይጎርሱ ከዚህ ቤት አይወጡም!»

«ወላሂ አንዲት አልጨምርም!» አሉ ሽማግሌው።

ገበታው ጸጥ አለ። ጉርሻው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቅቤው በጎረቤቴ ክንድ ላይ እየወረደ እጅጌው ውስጥ ገባ። ሁሉም ወደ ሼኹ ዞረ፤ እሳቸው በር ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ይፈልጋሉ።

ከጓዳ የሚስቱ ድምፅ መጣ። «ለስንት ሰው ሽንኩርት ልላጥ?»