ይድረስ ለተከበሩ፣ ሥራ ለለቀቁት ባክቴሪያ

ለ፦ ክሎስትሪዲየም አሴቶቡቲሊከም
ባሉበት (ኦክስጅን በማይገባበት ሳጥን፣ 37 ዲግሪ)

ጉዳዩ፦ ሥራ ሳይሠሩ ቀለብ መቀበልዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎን አልጠይቅም፤ ደህና መሆንዎን በዓይኔ አይቻለሁ። ጠርሙሱ ደፍርሷል፣ ጋዙ ይንተከተካል፣ ስኳሩም እያለቀ ነው። እንዲሠሩልን የምንጠብቀው አልኮል፣ ቡታኖሉ ግን የለም። መለኪያው ማሽን ላይ ቡታኖል ብቅ የሚልበትን ደቂቃ ጠብቄ አየሁ። መስመሩ ዝርግ ነው፣ አንዲት ጉብታ እንኳ የለችበትም። አሴቶንም እንደዚያው። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ስምዎ ግን እስካሁን «አሴቶቡቲሊከም» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ።

ለማያውቅዎ አንባቢ ላስተዋውቅዎ። በደጉ ጊዜ ሥራዎ ሁለት ፈረቃ ነበረው። በመጀመሪያው ስኳር በልተው አሴቲክና ቡቲሪክ አሲድ ያወጣሉ፣ እየተከፈሉም ይበዛሉ። አሲዱ ተጠራቅሞ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ወደ 5 ገደማ ሲወርድ፣ ስፖ ዜሮ ኤ የሚባለው ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ፎስፌት ይለጠፍበትና የተኙትን ጂኖች ይቀሰቅሳል። ያኔ አሲዱን መልሰው ያስገቡና አሴቶን፣ ቡታኖልና ኤታኖል ያደርጉታል፤ በግምት 3 ለ 6 ለ 1። ጎን ለጎንም ለክፉ ቀን የሚሆን ስፖር፣ ማለትም ሙቀትና ረሃብ የሚችል የተኛ ህዋስ፣ ይሠራሉ።

እርስዎ ሁለተኛውን ፈረቃ ሰርዘውታል። አሲድ ብቻ! ቡቲሪክ አሲድ ደግሞ የተበላሸ ቅቤ ሽታ ነው። (ተነጥሮ የተቀመጠውን የእናቶቻችንን ቅቤ አላልኩም፣ እሱ ይከበር።) ትናንት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ መጀመሪያ መስኮቱን ከፈቱ። ቀጥለው ጫማዬን አዩ። በመጨረሻ «ወራጅ አለ!» ብለው ድልድዩ ሥር ወረዱ። እዚያ ደግሞ ማንም የሚወርድበት ምክንያት የለም።

ወገኖችዎ እንዲህ አልነበሩም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ኮርዳይት ለሚባለው ባሩድ አሴቶን ሲያጥራት፣ ማንችስተር ይሠራ የነበረው ኬሚስት ካይም ቫይዝማን እነሱን ከበቆሎ ስታርች አሴቶን አሠራቸው። እ.ኤ.አ. በ1917 እህሉ ለሰው ሲፈለግ፣ የእንግሊዝ ተማሪዎች ለፋብሪካው ብለው ሰው የማይበላውን የሆርስ ቼስትነት ፍሬ ለቅመዋል። ሰውዬው በ1949 የእስራኤል የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ሬሆቮት ያላችሁ ወገኖቻችን ስሙን ትልቁ የምርምር ተቋም ላይ ታዩታላችሁ። እነሱ ጦርነት ውስጥ ሠርተዋል። እርስዎ አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ላብራቶሪ ውስጥ አቃተዎት።

ሥራዎን የት እንደጣሉት ደግሞ ታውቋል። ኤቲሲሲ 824 በሚባለው ዝርያዎ ውስጥ ቡታኖልና አሴቶን የሚሠሩት ዋና ጂኖች ክሮሞሶሙ ላይ አይደሉም። ፒሶል 1 የሚባል፣ 192,000 ገደማ የዲኤንኤ ፊደል ያለው ግዙፍ ፕላዝሚድ (ከክሮሞሶሙ ተለይቶ የሚኖር የዲኤንኤ ቀለበት) ላይ ናቸው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። ፕላዝሚዱ ሲጣል ቡታኖሉም፣ አሴቶኑም፣ ስፖሩም አብሮ ይሄዳል። ስታርች የሚቆርጠው ኢንዛይምም ይቀንሳል። ስታርች ያለበት ሳህን ላይ ዘርቼ አዮዲን ሳፈስበት፣ በሠራተኛው ወገንዎ ዙሪያ ስታርቹ የተቆረጠበት ጥርት ያለ ሰፊ ክብ ይወጣል። የእርስዎን ክብ ለማየት ግን ማጎንበስ ያስፈልገኛል።

ዘመድዎ ክሎስትሪዲየም ቤየሪንኪ ደግሞ ይብሳል። የእሱ ጂኖች ክሮሞሶሙ ላይ ናቸው፤ አውጥቶ የሚጥለው ፕላዝሚድ እንኳ የለም። እሱም ይበላሻል! ይህ ድፍረት ነው።

እርግጥ ለምን እንደጣሉት ይገባኛል። ያን ሁሉ ዲኤንኤ በተከፈሉ ቁጥር መቅዳት ወጪ ነው። ቡታኖሉም ለራስዎ መርዝ ነው፤ በሊትር 13 ግራም አካባቢ ሲደርስ እጅ ያሰጣል። ስፖር መሥራት የጀመረ ደግሞ መራባቱን ይተዋል። እኛስ ምን አደረግን? በየጊዜው ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ እያዛወርን ትኩስ ስኳር አቀረብን። ክፉ ቀን የሚባል ነገር አላሳየንዎትም። በዚህ ቤት ሥራውን የጣለ ቶሎ ይበዛል፣ የያዘው ከዙር ወደ ዙር እያነሰ ይጠፋል። ደሞዙን የምንከፍለው በመብዛት ልክ ነው፤ እርስዎም ደሞዝ የሚከፈልበትን ብቻ ሠሩ። ብልህ ነዎት። ቡታኖል ግን የለም።

ስለሆነም የሚከተለው ተወስኗል። ከነገ ጀምሮ ጠርሙሱ 80 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይቀመጣል። ስፖር ያለው ይተርፋል። እርስዎ የለዎትም። ቂም እንዳይመስልዎ፤ የድሮ ፋብሪካ ሰዎችም በሙቀት ይመርጡ ነበር። ከጠርሙሱ ማንም ካልተረፈ፣ ስፖር ሆነው ፍሪጅ ውስጥ የተኙትን አያትዎን ከጡረታ እንጠራቸዋለን። እሳቸው ሁለቱንም ፈረቃ ይሠራሉ።

ከሰላምታ ጋር፣
ቀለብ ሰፋሪዎ

ግልባጭ፦
ለቤየሪንኪ፣ ለማስጠንቀቂያ
ለስፖ ዜሮ ኤ፣ አሁንም ቢሮው ተቀምጦ ትእዛዝ ለሚሰጠው፤ የሚታዘዘው ሠራተኛ ከነፕላዝሚዱ መውጣቱን እንዲያውቀው