እርጎው አልረጋ ቢል ወተት አምጪዋን አትውቀሷት

ደሴ ላይ ወተት ገዝቶ እርጎ ያረጋ ሰው አንድ ቀን «ውሃ ጨምራበታለች» ሳይል አይቀርም። እኔም ብያለሁ። ከገጠር ወተት የምታመጣልንን ሴት ዓመት ሙሉ በሆዴ ሳማት ኖሬ አንድ ጠዋት ደጃፍ ላይ ፊት ለፊት ተናገርኳት። ሻሿን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ «ወላሂ፣ ጠብታ ውሃ አልነካውም» አለችኝ። አላመንኳትም።

እውነቱ የገባኝ በእህቴ በኩል ነው። ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፤ ለጥምቀት መጥታ ስትመለስ ከዚችው ሴት የገዛሁትን ሁለት ሊትር ወተት እኩል ተካፈልን። እሷ አንዱን ሊትር ይዛ የሐረጎን ቁልቁለት ወረደች፣ አንዱ እኔ ዘንድ ቀረ። ሁለታችንም እናታችን እንደምታደርገው ሳናፈላ በወይራ በታጠነ ማሰሮ ገልብጠን ከደንነው። በማግስቱ ማታ ደወለችልኝ፤ የእሷ ረግቶ በጭልፋ ይቆረጣል። የእኔ በሦስተኛው ቀንም ቀጭን ነበር፣ ጠረኑም ደስ አይልም። ወተቱ የአንድ ቀን፣ የአንዲት ሴት ወተት ነው።

ልዩነቱ ብርዱ ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሄደን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ እናገኛታለን። ወተትን የሚያረጉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር እየበሉ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱ ሲበረታ ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ይያያዝና ይረጋል። እነዚህ ሙቀት ወዳዶች ናቸው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ከተማ፣ ሥራ ይፈታሉ። ብርድ የማይበግራቸው ሌሎች ግን አይተኙም፤ ወተቱ ሳይረጋ የሚሸተው በእነሱ ነው። ውሃ የሚጨምር ነጋዴ የለም አልልም። ግን ውሃ የገባበት ወተት ቢቀጥንም መርጋቱ አይቀርም፤ ጭራሽ አልረጋ ሲል መጀመሪያ የቤታችንን ብርድ እንጠርጥር።

ነገሩን አንስቼ የምጽፈው ኪሳችንን ስለሚነካ ነው። የታሸገ እርጎ በየሱቁ ፍሪጅ ተደርድሯል፤ አንድ ልጅ ያለው ደመወዝተኛ ወር ሲደርስ አንድ ኩባያ ይዞ ይገባል፣ አራት ያለው ግን አይቶ ያልፋል። አንድ ሊትር ወተት ሲረጋ ያው አንድ ሊትር እርጎ ነው፣ ምንም አይጎድልም። ባለ 200 ሚሊ ሊትር አምስት ኩባያ ይሞላል። የአምስቱን ኩባያ ዋጋ ሱቅ ጠይቁና ከአንድ ሊትር ወተት ዋጋ ጋር አስተያዩት። ለልጅ፣ ለአራስ፣ ከሕመም ለሚያገግም ሰው እርጎ ቅንጦት ሊሆን አይገባም ነበር።

እዚህ ላይ ሳይፈታ የኖረ ክርክር አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች «ወተት ሳታፈሉ አትጠጡ» ይሉናል። ልክ ናቸው፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን የከብት በሽታም የከብት ሳንባ ነቀርሳንም ወደ ሰው ያስተላልፋል፣ መኮምጠጡም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። እናቶቻችን ደግሞ «የተፈላ ወተት አይረጋም፣ ይበላሻል እንጂ» ይላሉ። እነሱም ልክ ናቸው፤ ሲፈላ ክፉውም ደጉም ባክቴሪያ አብሮ ያልቃል። የጎደለችው እርሾ ናት፤ ተፈልቶ ለብ ባለው ወተት ላይ የምትጨመር ጥቂት የረጋ እርጎ። ምክሩ «አፍሉ» ላይ ስለሚያበቃ ሰው ለሻይ የሚሆነውን ወተት ያፈላል፣ እርጎውን ግን በጥሬው ያረጋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሌማት ትሩፋት ስም ስለ ላም ዝርያ፣ ስለ መኖ፣ ስለ ሊትር ብዛት ብዙ ተነግሯል። ወተቱ ቤት ከገባ በኋላ ስላለው ነገርም ያን ያህል ይነገር። ትምህርቱ የግማሽ ሰዓት ነው፤ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ሊሰጥ የሚችል።

እኔ ከቡና የተረፈውን ፍም አልበትነውም። ጥቂት ከሰል ጨምሬ ብረት ድስቱን እጥድበታለሁ፣ እንዳይዝ ታቹን በእንጨት ማማሰያ እየፋቅሁ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሽምብራ ለሚቀቅል ሰው ይህ ችግር ነው፣ ለእርጎ ግን 85 ይበቃል። ሊገነፍል ሲል ከፍ አድርጌ፣ መልሼ ጥጄ ጥቂት ደቂቃ አንተከትከዋለሁ፤ እርጎው ወፈር የሚለው በዚህ ነው። ከዚያ ማብረድ ነው። በደንብ የታጠበች ትንሿን ጣቴን ነክሬ እስከ አሥር መቁጠር ከቻልኩ ደርሷል፣ 43 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። ካቃጠለኝ ይቆይ፤ እርሾውን ይገድለዋል። ለብታው ከጠፋም አልፏል፣ እንደገና ይሞቅ።

ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ይበቃል። መጀመሪያ በስኒ ከለብ ያለ ወተት ጋር እመታዋለሁ፣ ጓል እንዳይኖረው። ለመጀመሪያው ቀን ስኳርም ማጣፈጫም ያልገባበት አንድ ኩባያ የሱቅ እርጎ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ከራሳችሁ እርጎ እየቀነሳችሁ ማስቀረት ነው። በጣም እየኮመጠጠ ወይም እየሰነፈ ሲሄድ እርሾውን መቀየር። ቀሪው ሥራ ሙቀቱን ማቆየት ነው። አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ያለው በፈላ ውሃ አለቅልቆ ወተቱን ይገልብጥበትና ይዝጋው። የሌለው ማሰሮውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደርቦ ጥግ ያስቀምጠው። የወይራ ጠረን የለመደ ማሰሮውን አስቀድሞ ይጠን፤ እኔ ያለዚያ አይጥመኝም። እየከፈቱ ማየት አያስፈልግም።

ማታ በ3 ሰዓት የከደንኩትን ጠዋት በ12 ሰዓት እከፍታለሁ። ማሰሮውን ዘንበል ሳደርገው እርጎው አንድ ላይ እንደተያያዘ ከጎኑ ይላቀቃል፣ በስንጥቁ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ አጓት ጠብ ይላል። አጓቱን አልደፋውም፤ የዳቦ ሊጥ አቦካበታለሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ እምቢ ካለ፣ ላሟ ሰሞኑን መድኃኒት ተወግታ እንደሆነ ጠይቁ። አንቲባዮቲክ ወተቱ ውስጥ ከቀረ እርሾውን ይገድለዋል። እንዲህ ያለው ወተት የእንስሳት ሐኪሙ ጠብቁ ያለው ቀን ሳያልቅ መሸጥም የለበትም።

በ2017 የካቲት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ግማሹ ሰፈራችን ወተት አቆመ፣ ግማሹ ለማፍጠሪያ እርጎ ፈለገ። እኔ ጾመኛ ስለሆንኩ አልቀምስም፤ ጎረቤቶቼ ግን ወተታቸውን እየሰጡኝ አረጋላቸው ነበር። አሁን እርሾዬ አራት ቤት ገብቷል።

ወተት አምጪዋን ይቅርታ የጠየቅኳት ረመዳን እንዳለፈ ነው። የረጋውን በሳህን አሳየኋት፤ ወተቱ የእሷው ነው። አንድ ማንኪያ ቀምሳ ዝም አለች። ከዚያ «እስቲ ከእርሾዋ ለኔም ቀንሺልኝ፤ የኛ አገር ብርዱ ከዚህም ይብሳል» አለችኝ። በብልቃጥ ሰጠኋት፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ብርድ እንዳይነካው ከደረቷ ሥር አድርጋው ሄደች።