ዘሩን የመረጠው መሬቱ ነው

ወይን ሊተክል ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ዘር ይሸጣል?" ብሎ ነው። ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎ፣ ሻርዶኔ። ስማቸው የታወቀ ነው፣ ገበያም አላቸው። እኔ ግን ከመሬቱ እንጀምር ባይ ነኝ። የግሪኳን ደሴት ሳንቶሪኒን ተመልከቱ።

ደሴቷ እሳተ ገሞራ ናት። ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት ፈንድታ በአመድና ቀዳዳ በበዛበት ቀላል ድንጋይ ተሸፈነች። በጋዋ ዝናብ አያውቅም። ነፋሷ ቡቃያ ይገነጥላል። የአርጊሮስ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ እዚያ ወይን ያለማል፤ አሁን እርሻው አራተኛው ትውልድ እጅ ነው። ዋናው ዘራቸው አሲርቲኮ የሚባል የደሴቷ ነጭ ወይን ነው። ብዙ ነጭ ወይን ሙቀት ሲበዛበት ስኳሩ ይጨምርና ኮምጣጣነቱ ይጠፋል፤ ወይን ጠጁም ለዛ ያጣል። አሲርቲኮ ግን በዚያ ሐሩር በስሎም ኮምጣጣነቱን አይለቅም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይኼ ነው።

አተካከሉንም የወሰነው ቦታው ነው። ቅርንጫፉን እየጠመዘዙ መሬት ላይ እንደ ቅርጫት ይጎነጉኑታል። ፍሬው እዚያ ውስጥ ከነፋስና ከአሸዋ ተጠልሎ ይበስላል። ከባሕር የሚመጣውን ጉም ደግሞ ድንጋዩ መጥጦ ለሥሩ ያቆያል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሥሩ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ የመጣች ፊሎክሴራ የምትባል ተባይ የአውሮፓን ወይን ከሥሩ ፈጀችው። ዛሬም አብዛኛው የአውሮፓ ወይን የሚያድገው በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ተቀጥሎ ነው። የሳንቶሪኒ አሸዋማ አፈር ግን ተባይዋን አላኖራትም። ስለዚህ ግንዱ ሲያረጅ ይቆርጡታል፤ ያው አሮጌ ሥር አዲስ ግንድ ያወጣል። መቶ ዓመት ያለፋቸው ሥሮች አሉ።

ምርቱ ትንሽ ነው፤ ይህን አልክድም። በዚያ የቱሪስት ደሴት መሬቱን ለሆቴል የሸጠ ሰው የበለጠ ያገኛል። ግን የመቶ ዓመት ሥር አንዴ ከተነቀለ በምን ገንዘብ ይገዛል?

እኛም ዝዋይ ላይ ወይን አለን። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ የወይን ጠጅ ኩባንያ የተከላቸው ሜርሎ፣ ሲራህ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ከፈረንሳይ የመጡ ዘሮች ናቸው። እዚህ እንደ አውሮፓ ተክሉን የሚያስተኛ የብርድ ወቅት የለም፤ መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው የመግረዣው ቀን ነው። እንዲህ ባለ አገር የፈረንሳዩን የወይን አገር የቦርዶን ምርጫ እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። የሐረርን ቡና ይርጋጨፌ ተክሎ የሐረርን ጣዕም የሚጠብቅ ገበሬ አለ? ወይን የሚጀምር ቤተሰብም ትንሽ ቦታ ላይ አምስት ስድስት ዘር ይትከል። ፍሬውን ቀምሶ እስኪለይ ጥቂት ዓመት ይታገስ።