ቀጭ ለሚል መንጋጋ አራት ፊልም፣ አገጩ ለተሰነጠቀ ልጅ ግን ስፌት ብቻ

ባለፈው ወር አንዲት የባንክ ሰራተኛ ክሊኒክ መጣች፣ ሃያ ስምንት አመቷ ነው፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ከቦርሳዋ ፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሁለት ፓኖራሚክ ራጅ፣ አንድ የጭንቅላት ሲቲ ስካን፣ አንድ ደግሞ ሲዲ ላይ የተጫነ 3ዲ የጥርስ ስካን፣ ሁሉም በስምንት ወር ውስጥ የተነሱ። ችግርሽ ምንድነው ስላት አፏን ስትከፍት ጆሮዋ ስር ቀጭ ይላል፣ ጠዋት ስትነሳ ጉንጯ ዝሎ ታገኘዋለች፣ አንዳንዴ ጆሮዋን ይወጋታል፣ የጆሮ ሐኪም ጋ ሄዳ ጆሮሽ ሰላም ነው ተብላ ተመልሳለች፣ ከዛ በኋላ ነው ከአንዱ ጥርስ ክሊኒክ ወደ ሌላው መዞር የጀመረችው።

"ከሄድሽባቸው ቦታዎች እዚህ ጋር በጣቱ ነክቶ አፍሽን ክፈቺ ያለሽ አለ?" አልኳት ከጆሮዋ ፊት ያለውን ቦታ እያሳየኋት።

ትንሽ አሰበችና "አይ ዶክተር፣ ራጅ ተነስተሽ ነይ ነው ያሉኝ" አለች።

ሌባ ጣቶቼን በሁለቱም ጆሮዎቿ ፊት አድርጌ ክፈቺ ዝጊ ስላት የግራው ቀጭ ሲል ጣቴ ላይ ተሰማኝ። አፏ የራሷን ሶስት ጣት በቁም ያስገባል፣ ይሄ ወደ 40 ሚሊሜትር ነው፣ ጤነኛ ነው። ጉንጯ ላይ ያለውን የማኘኪያ ጡንቻ ጫን ስለው "እሱ ነው! እሱ ነው ሚያመኝ" ብላ እጄን ያዘችው። ማታ ጥርስሽን ታፋጫለሽ ወይ ስላት አላውቅም አለች፣ አብራት የመጣችው እህቷ ናት "ኧረ ዶክተር፣ ለሊት ለሊት እኮ ጠጠር የምትፈጭ ነው የሚመስለው" ያለችው። ይሄ ሁሉ አስር ደቂቃ አልፈጀም፣ አንድ ብር አላስወጣም፣ እና አራቱ ፊልሞች ያልነገሯትን ነገራት።

ይሄን የምጽፈው ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ "መንጋጋዎ ድምፅ ያሰማል? በ3ዲ ስካን ይታዩ" የሚል አይነት ማስታወቂያ ስለበዛና ሰው ስካን ወረቀት ይዞ መምጣት ስለጀመረ ነው። ማሽን ጠልቼ አይደለም። ሙሉውን መንጋጋ በአንድ ፊልም የሚያሳየውን ፓኖራሚክ ፊንላንዳዊው ፓቴሮ ካመጣው በኋላ የጥርስ ህክምና ተለውጧል፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣሊያኖች ኮን ቢም ሲቲ የሚባለውን፣ እኛ 3ዲ የምንለውን፣ ለጥርስ ሲያወጡት ሁለተኛ ለውጥ ነበር፣ ማሽኑ ጭንቅላትህን አንዴ ዞሮ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አጥንቱን በየአቅጣጫው ቆርጦ ያሳይሃል። የታችኛው የአእምሮ ጥርስ ሥሩ ከነርቭ ጋር ተጠማዞ ፓኖራሚክ ላይ ተደራርቦ ሲታይ፣ ነርቩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሳላውቅ ልንቀል ብዬ የሰውዬው ከንፈር እድሜ ልኩን ደንዝዞ ቢቀርስ? ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚገባ ምትክ የጥርስ ሥር፣ ከመትከል በፊት አጥንቱ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ማወቅም እንደዛው፣ እዛ ላይ 3ዲው ይከፈልበት፣ ደስ ይለኛል።

የመንጋጋ መገጣጠሚያ ግን ሌላ ነገር ነው። እዛ ጋር የራስ ቅሉ አጥንትና የታችኛው መንጋጋ ራስ ይገናኛሉ፣ በመሃላቸው ደግሞ ቀጭን ለስላሳ ዲስክ አለ፣ ከጎን ሲታይ መሃሉ የቀጠነ ሁለት ጫፉ የወፈረ ነው፣ ልክ የሙሽራ ቢራቢሮ ክራቫት። አፍ ሲከፈት ዲስኩ ከአጥንቱ ጋር አብሮ መንሸራተት አለበት። ወደ ፊት ካመለጠ አጥንቱ ዲስኩ ላይ መልሶ ሲወጣ ነው ያ ቀጭ የሚለው ድምፅ የሚመጣው፣ መልሶ መውጣት ሲያቅተው ደግሞ አፍ ይቆለፋል። እና ይሄ ዲስክ ራጅ ላይ አይታይም፣ ፓኖራሚክ ላይ አይታይም፣ ኮን ቢም ላይ አይታይም፣ እነዚህ ሁሉ አጥንት ነው የሚያሳዩት። ዲስክ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው፣ እሱም አንዴ ተዘግቶ አንዴ ጥርስ መሃል ማስደገፊያ ተደርጎ አፍ ተከፍቶ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ያቺ ልጅ አራት ጊዜ የከፈለችው ድምፁን የሚያወጣውን ነገር ጭራሽ ማየት ለማይችል ማሽን ነው። ይሄ ያናድደኛል፣ እውነቴን ነው፣ የደሞዟን ስንት እንደወሰደባት ስትነግረኝ አንገቴን ደፋሁ።

እሺ ታዲያ ኤምአርአይ ለምን አታዝላትም የሚል ይኖራል። ምክንያቱም ምንም ህመም የሌላቸው፣ በፈቃደኝነት የተነሱ ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ሲሶ የሚሆኑት ዲስካቸው ከቦታው የወጣ ሆኖ ተገኝቷል። ሳይታመሙ! ስለዚህ የእሷም ወጥቶ ቢታይ ህመሟ ከሱ ይሁን ከጡንቻዋ ፊልሙ አይነግረኝም፣ ህክምናዋም አይቀየርም። ለጥቂት ሳምንት ለስላሳ ምግብ፣ ማስቲካና ቆሎ መተው፣ በሞቀ ፎጣ ጉንጭ ማሸት፣ ቀን ላይ ከንፈር ገጥሞ ጥርስን አለማነካካት፣ ማታ ደግሞ በልኳ የተሰራ የጥርስ መከላከያ ማድረግ፣ በቃ። አብዛኛው ሰው በዚህ ይሻለዋል። (ጫት በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ለሚይዙም መጀመሪያ የምለው ይሄንኑ ነው፣ ያንን ጎን አሳርፉት።)

ምስል አይቶ ምስሉን ማከም ምን እንደሚያመጣ አሜሪካ ውስጥ በደንብ ታይቷል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ እ.ኤ.አ. መገጣጠሚያው ውስጥ በመርፌ ቀለም እየከተቱ ራጅ ማንሳት ሲለመድ የወጣ ዲስክ በየቦታው መታየት ጀመረ፣ የታየው ሁሉ ደግሞ መስተካከል አለበት ተባለ፣ ዲስክ ተቆርጦ እየወጣ በምትኩ ቪቴክ የሚባል የሂውስተን ኩባንያ የሚሰራው ቴፍሎን ያለበት ምትክ ተተከለ። መንጋጋ ቀኑን ሙሉ የሚፈጭ ነገር ነው፣ ቴፍሎኑ ተፈርፍሮ ሰውነት ሲዋጋው አጥንቱን አብሮ በላው፣ አንዳንዶቹ ላይ እስከ ራስ ቅሉ ድረስ። በ1990 አካባቢ ከገበያ እንዲሰበሰብ ሲደረግ ብዙ ሺህ ሰው፣ በተለይ ሴቶች፣ ፊታቸው ውስጥ ይዘውት ነበር። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሄዱት እንደዚች ልጅ ቀጭ ይላል፣ ያመኛል ብለው ነው።

ስለ ጨረሩም ሰው ይጠይቀኛል። አንድ ፓኖራሚክ በተፈጥሮ ከአፈርና ከሰማይ የምናገኘውን የጥቂት ቀን ጨረር ያህል ነው፣ ብዙም አያስፈራም። 3ዲው እንደ ማሽኑና እንደሚነሳው ቦታ ስፋት ከዛ እስከ ብዙ እጥፍ ይሄዳል፣ የጭንቅላት ሲቲ ግን ወደ አንድ አመት ሊጠጋ ይችላል። የእርሳስ ሽርጥ አለበሱኝ ብሎ መረጋጋት አይበቃም፣ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማህበር እንኳን በ2024 ለጥርስ ራጅ ሽርጡ አያስፈልግም ብሏል፣ ዋናው ያላስፈለገውን አለማንሳትና የሚነሳውን ቦታ ማጥበብ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ከሁለት አመት በፊት አንዲት እናት የዘጠኝ አመት ልጇን ከገጠር ይዛ መጣች። ጥርሶቹ መሃል የትንሿ ጣቴ ጥፍር ብቻ ነው የሚገባው፣ አገጩ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ በሶ በጥብጣ ጥርሱ በጎደለበት ክፍተት ነው የምታጠጣው። ምን ሆኖ ነው ስላት "አራት አመቱ ላይ ከአህያ ወድቆ አገጩ ተሰንጥቆ ነበር፣ ሰፍተውልኝ ሄድን፣ ቁስሉ እኮ ቶሎ ነው የዳነው" አለች። አገጩን መታኝ ያለ ልጅ ምቱ ወደ ላይ ሄዶ ጆሮው ፊት ያለውን የመንጋጋ ራስ ሊሰብረው ይችላል፣ ልጅ ስላመመው አፉን አይከፍትም፣ መገጣጠሚያው ውስጥ የፈሰሰው ደም ቀስ እያለ ወደ አጥንት ይቀየራል፣ በአመታት ውስጥ መንጋጋው ከራስ ቅሉ ጋር አንድ ይሆናል። ሲቲ ሲነሳ በቀኝ በኩል መገጣጠሚያ የሚባል ነገር የለም፣ ነጭ የአጥንት ድፍን ነው። እዚህ ልጅ ላይ ያ ማሽን ሲሳይ ነበር፣ ቀዶ ጥገናውን የሰሩት ባለሙያዎች ያንን ካርታ ሳያዩ አይነኩትም። ግን የተነሳው አምስት አመት ዘግይቶ ነው።

እና እኔ ማለት የፈለግኩት ይሄው ነው፣ ስካኑ ማስታወቂያ ባለበት ሳይሆን ጥያቄ ባለበት ይሂድ። ራጅ ተነሺ ስትባይ ምን ልታይበት ነው፣ ያ ነገር ቢታይ ህክምናዬ ምን ይቀየራል ብለሽ ጠይቂ፣ ሁለቱንም የሚመልስልሽ ካለ ተነሺ። አፍ በድንገት ሲቆለፍ፣ ሶስት ጣት ያስገባ የነበረው ሁለት አልገባ ሲለው፣ ጥርስ አገጣጠሙ ሲቀየር፣ አገጭ ወደ አንድ ጎን እየሄደ ሲመጣ፣ ከንፈር ሲደነዝዝ፣ ጆሮ ፊት ሲያብጥ፣ ያኔ ምስል አይዘገይም። ሲዲሽንም ይዘሽ ውጪ፣ የከፈልሽበት ያንቺ ነው፣ ሌላ ቦታ እንደገና እንዳትነሺ። በየከተማው ያለው አልትራሳውንድ ደግሞ ለዚህ መገጣጠሚያ ፈሳሽ ማየት፣ የዲስኩንም የውጪ በኩል መከታተል ይችላል፣ የውስጡን አጥንት ይጋርድበታል እንጂ ጨረር የለውም ዋጋውም ይቀላል፣ ግን የሚያነሳው ሰው ካልሰለጠነ ምንም ስለማያሳይ የማየው ትልቁ ክፍተት እዛ ጋ ነው፣ ኤምአርአይ ከአዲስ አበባና ከጥቂት ከተሞች ውጪ ለማያገኝ ሰው እኮ በጣም ይጠቅመው ነበር።

ጤና ጣቢያና ድንገተኛ ክፍል ላላችሁ ደግሞ ልለምናችሁ። አገጩ የተሰነጠቀ ልጅ ስትሰፉ ጣታችሁን በሁለቱም ጆሮዎቹ ፊት አድርጉና ክፈት በሉት። ካመመው፣ አገጩ ወደ አንድ ጎን ከሄደ፣ ወይ የኋላ ጥርሱ ቀድሞ ከተገናኘ ራጅ ላኩት፣ ራጁ ካላጠራው ሲቲ፣ ለእናቱም አፉን እንዲያንቀሳቅስ እንድታደርገው ንገሯትና የቁስሉን ክር ለማስወጣት ሲመጣ አፉን በጣት ለኩት፣ ከዛም በየወሩ። የዚያ ልጅ እናት አሁን ቤቷ የምላስ መጫኛ እንጨት ደራርባ በየቀኑ ጥርሱ መሃል ታስገባለታለች፣ ባለፈው ስትደውል እንጨቱ አስራ አራት ደርሷል አለችኝ።