ክብር ለሰንጣቂዎቻችን

በዚህ አገር ያልተመሰገነ ሙያ ቢኖር ፓርቲ መሰንጠቅ ነው። ፓርቲ ለመሠረተ ይጨበጨብለታል። የሰነጠቀ ግን ስሙ በክፉ ይነሳል። ግፍ ነው! መመሥረት ምን ይከብዳል? ፈራሚ ሰብስቦ፣ ደንብ ጽፎ፣ ምርጫ ቦርድ ማመልከት ነው። ሕዝብ ነቅሎ ወጥቶ የመረጠውን ፓርቲ፣ መልሶ ሕዝቡ እንዳያውቀው አድርጎ መበታተን ግን ተሰጥኦ ይጠይቃል።

እስቲ የ1997ን ምርጫ እናስታውስ። ሚያዝያ 30 በተቃዋሚዎች ሰልፍ መስቀል አደባባይ ጠጠር መጣያ አልነበረውም። ግንቦት 7 ሰው ገና ሳይነጋ ተሰለፈ። የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር፣ ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ኢሕአዴግ አንዷን ታቅፎ ቀረ። ይህን ያህል የታመነ ፓርቲ ምን ተደርጎ ይጠፋል? ለተራ ሰው የማይታሰብ ነው። የኛዎቹ ግን ተራ ሰዎች አይደሉም።

እርግጥ መንግሥትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ተኩሷል፣ አስሯል፣ የተመረጡትን ከንቲባ ሳይቀር ቃሊቲ አውርዷል። ይህን የሚክድ የለም። ግን ብቻውን አልሆነለትም። ከውስጥ እገዛ አስፈልጎታል፤ እገዛውም አልዘገየም።

መሪዎቹ ሐምሌ 1999 ተፈቱ። ሰዉ በእልልታ ተቀበላቸው። እልልታው ሳይበርድ ሊቀመንበሩ ኃይሉ ሻውል በአንድ ወገን፣ ምክትላቸው ብርቱካን ሚደቅሳ በሌላ ወገን ሆኑ። አሜሪካ ያለው ደጋፊም ወግ ነውና አብሮ ተከፈለ፤ እዚያ ማዶ ሆኖ ለእርቅ ሳይሆን ለኩርፊያ አዋጣ። በ2000 ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም አንስቶ ለነአየለ ጫሚሶ ሰጠ። ሁለት ወገን ሲጓተቱበት ሦስተኛው ይዞት ሄደ። እነ ብርቱካን አንድነት የሚባል ፓርቲ አቋቋሙ። እሱም ተሰነጠቀ። ከስንጣቂው ወጥተው ሰማያዊ ፓርቲን ከመሠረቱት ጋር ትንሽ እንቆይ እንዳልል፣ እነሱም በሊቀመንበርነት ተጣሉ። (ብርቱካን ኋላ ራሱን ምርጫ ቦርድን መርተዋል። ስንጥቅን ከውስጡ ያየ ሰብሳቢ ከሳቸው በላይ ከየት ይመጣል?)

የሙያው ረቂቅነት የሚታየው ቀረብ ሲሉ ነው። ሰኞ ሥራ አስፈጻሚው ሊቀመንበሩን ያግዳል። ማክሰኞ ሊቀመንበሩ ሥራ አስፈጻሚውን ያባርራል። ሁለቱም ደብዳቤ ቁጥርና ቀን አለው። ሁለቱም «በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት» ብሎ ይጀምራል። ረቡዕ የቢሮው ቁልፍ ይቀየራል። ሐሙስ ጸሐፊዋ ደጅ ቆማ ደሞዟን ማን እንደሚፈርምላት ታሰላስላለች። ዋናው ፍልሚያ ግን ማኅተሙ ላይ ነው። ያ ክቡ ማኅተም! ሐምራዊ ቀለም ጠርዙ ላይ የደረቀበት፣ እጀታው የተላላጠ። እሱን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ የወጣ ሰው ፓርቲውን ይዞ ወጣ ማለት ነው። ትራሱ ሥር አድርጎት ያድራል። ማኅተም ያጣው ወገን መግለጫውን በቲተር ይመታል፤ ለማካካሻ ሁለት ገጽ ያስረዝመዋል። ቅዳሜ በአንድ ከተማ፣ በሁለት አዳራሽ፣ በአንድ ስም ሁለት ጠቅላላ ጉባኤ ይካሄዳል። በሁለቱም ምልዓተ ጉባኤ ሞልቷል። እንዴት ሞላ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ሰርጎ ገብ ነው።

መራጩስ? እሱማ መግለጫ ያነባል። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዘይት ዋጋ ፓርቲው ምን ያስባል ብሎ ሲጠብቅ፣ ማን የማን ተላላኪ እንደሆነ በዝርዝር ተነገረው። ይህም ትምህርት ነው።

ዳኛው ያዳላል ማለትና ከዳኛው ደጅ መጀመሪያ መድረስም ሌላው ጥበብ ነው። ምርጫ ቦርድን ገለልተኛ አይደለም እያሉ ማኅተሙን እንዲፈርድላቸው የሚማጸኑትም እነሱው ናቸው። ጥር 2007 ላይ ቦርዱ ፈረደ፤ አንድነትንም፣ ሌላውን የተሰነጠቀ ተቃዋሚ ፓርቲ መኢአድንም ለየአንዱ ወገን ሰጠ። ምርጫው ሊደርስ ወራት ሲቀሩት መሆኑ በአጋጣሚ ነው እንበል። በግንቦቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ። መቶ በመቶ! ይህ መቶ በመቶ የተወደደ ግንባርም በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ ራሱን አፍርሶ አረፈ። ሙያው ቤተ መንግሥትም ዘልቋል ማለት ነው።

አልፎ አልፎ ባህሉን የሚያበላሹ አይጠፉም። በ2011 ሰባት ፓርቲዎች ከስመው ኢዜማ ሆኑ። በ2013ቱ ምርጫ ያገኙት 4 ወንበር ነው፤ ከአዲስ አበባ አንድም የለበትም። የድሮው ቅንጅት 23 ያፈሰባት አዲስ አበባ ማለቴ ነው። ሰዉ ልቡ ቆርጧል፣ ደግሞ ነገ እንዳትጣሉ ብሎ ፈርቷል። መቼም አልዋሸም፤ ጥቂት ቆይቶ ከኢዜማም የተወሰኑት ጥለው ወጡ።

አሁን ፓርቲ ልትመሠርቱ የምታስቡ ወጣቶች ካላችሁ፣ ከአንጋፋዎቹ የተማርኩትን በነፃ ላካፍላችሁ። ፕሮግራሙ ይደርሳል፣ አርማውም ይደርሳል። በቅድሚያ ማኅተም ቀራጭ ጋ ሂዱና ሁለት አስቀርጹ። ሁለት ላዘዘ ዋጋም ይቀንሳል።