ጉንጭ የጋራ ንብረት ነው

ዛሬ ጠዋት አሳንሰር ውስጥ ጎረቤታችን አውራ ጣታቸውን ላስ አደረጉና የልጄን ጉንጭ ጠረጉት። ምን እንደጠረጉ እስካሁን አልገባኝም። ጉንጩ ላይ ምግብ የለም፣ ቀለም የለም። ያለው ንፋስ የላጠው ቅላት ነው። ሴትየዋ እድፍ መስሏቸዋል መሰለኝ፣ አልለቅ ሲላቸው ደግመው ላሱ። ልጁ አራት ዓመቱ ነው። ዞር ብሎ አየኝ። አስተያየቱ «አንተ አባቴ ነህ ወይስ አብረኸን የምትወርድ ሰውዬ?» የሚል ነበር። እኔ ፈገግ አልኩ። ፈሪ ነኝ፤ በተለይ በዕድሜ ከሚበልጠኝ ሰው ፊት።

በሩ ሲከፈት፣ «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ይሄ ሕፃን ቅባት የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ?»

ቅባቱን እኮ የጠረጉት እሳቸው ናቸው! ከቤት ልንወጣ ስንል፣ ልጁን በሁለት ጉልበቴ መሃል ይዤ፣ እየተንፈራገጠ የቀባሁትን ቫዝሊን። አሁን አውራ ጣታቸው ላይ ነው። የእሳቸው ጣት ዛሬ ብርድ አይነካውም።

ምራቅ ደግሞ ለዚህ ጉንጭ ዋና ጠላት ነው። ቆዳችን ላዩ ላይ ስስ የተፈጥሮ ቅባት አለው፤ ውሃውን አምቆ የሚይዘው እሱ ነው። የልጅ ቆዳ ከእኛ ይሳሳል። ደረቅ ብርድና ንፋስ ያንን ቅባት ይገፉታል፣ ውሃው ይተናል፣ ጉንጩ ይሻክራል፣ ይቀላል፣ ይቆጠቁጣል። በዚህ ላይ ምራቅ ሲጨመር ለጊዜው የረጠበ ይመስላል። ሲደርቅ ግን ከበፊቱ የባሰ አድርቆት ይሄዳል። ከንፈሩን የሚልስ ልጅ አፉ ዙሪያ ቀይ ቀለበት የሚያወጣው ለዚህ ነው። ልጄ የራሱ ለሃጭ ይበቃዋል። ከጎረቤት መበደር አያስፈልገውም።

ቫዝሊን ካልኩ አይቀር፣ ሮበርት ቼስብሮ የሚባለውን አሜሪካዊ ኬሚስት ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ፔንሲልቬንያ የነዳጅ ጉድጓድ ሊያይ ሄደ። ሠራተኞቹ ማሽኑ ላይ የሚጋገረውን ሰም መሳይ ዝቃጭ ይረግሙታል፤ ሲቆረጡና ሲቃጠሉ ደግሞ እሱኑ ይቀቡታል። ሰውየው ዝቃጩን ወስዶ አጣራው፣ በፈረንጆች 1872 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በየቀኑ አንድ ማንኪያ ይበላ ነበር ይባላል። የሞተው በ1933 ነው፣ በ96 ዓመቱ። (አትብሉት። ሰውየው ነጋዴ ነበር።) ደስ የሚለኝ ቫዝሊን ምንም አለመጨመሩ ነው። ውሃ አይሰጥም፣ ሽታ የለውም፣ ምክር አይሰጥም። ያለው እንዳይወጣ በሩን ዘግቶ ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ጎረቤት ባገኝ።

አንድ የምወደው ተረት አለ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ይህን የተናገረ ሰው በብርድ ወራት ልጅ አልብሶ እንደሚያውቅ አልጠራጠርም። በየጠዋቱ ስካርፉን እየሮጥኩ አስራለሁ፤ ደጅ ሳንደርስ ተፈትቶ ከኋላው እንደ ጅራት ይጎተታል። ለባለቤቴ ተረቱን ስነግራት «ታዲያ ቁጭ ብለህ አታስረውም?» አለችኝ። ተረት ለዚህ አይደለም። ደግሞ ቢታሰርም፣ በትንፋሽና በለሃጭ የራሰ ስካርፍ ጉንጭ ላይ የተለጠፈ ቀዝቃዛ ጨርቅ ነው። ደረቅ መቀየሪያ መያዝ ያስፈልጋል። ከሦስት ቀን አንዱን አስታውሳለሁ።

ሰው ግን ቀይ ጉንጭ ሲያይ ለምንድነው አእምሮው የሚጠፋው? ሁለተኛ ክፍል እያለሁ እንዲህ ንፋስ የላጠው ጉንጭ ይዤ ክፍል ገባሁ። አስተማሪዬ «ማነው በጥፊ የመታህ?» አሉኝ። ማንም አልመታኝም። አላመኑኝም። አጠገቤ የሚቀመጠውን ልጅ አስነስተው ሁለታችንንም ግድግዳ ዞረን እንድንቆም አደረጉን፣ ከዚያ ባልተጣላነው ጠብ ይቅርታ አባባሉን። ልጁ ከትምህርት በኋላ ጠብቆ በጥፊ አጮለኝ። አልፈርድበትም፤ ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሏል። አስተማሪዬን ግን ይኸው እስከዛሬ አልማርኳቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ ጉንጭን በጥፊ እንደተመታ የሚያቀላ የቫይረስ በሽታም አለ። ሽፍታ ከሚያመጡት የልጅነት በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አምስተኛ ስለነበር «አምስተኛው በሽታ» ብለውታል። አስተማሪዬ እሱንም ግድግዳ ያስዞሩት ነበር።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ስጦታው ነው። ጉንጩን ያየ ዘመድ ሁሉ ክሬም ይዞ ይመጣል። ክዳኑ ሲከፈት ቤቱ አበባ አበባ ይሸታል። የተላጠ ቆዳ ላይ ሽቶ! አንዴ ሰው እንዳይቀየም ብዬ ቀባሁት፤ ልጁ ፊቱን ትራስ ላይ እየፈተገ አለቀሰ። እኔ ይሉኝታዬን አተረፍኩ፣ እሱ ተቃጠለ። እሱን ማታ ሳስበው አሁንም ያመኛል። እህቴ ደግሞ ለአዋቂ የታዘዘ የሽፍታ ቅባት አምጥታ «ስቴሮይድ አለው፣ ፍቱን ነው» አለችኝ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የልጅ ፊት ላይ! በትህትና ተቀብዬ ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀልኩት።

ሥራው እኮ ቀላል ነው። ለብ ባለ ውሃ ታጥባለህ፣ በፎጣ ሳትፈትግ መታ መታ አድርገህ ታደርቃለህ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ሽታ የሌለው ወፍራም ቅባት ትቀባለህ። ልትወጣ ስትል ትደግማለህ። በረዶ መሬት ላይ ካለ ፀሐዩን ወደ ፊት ስለሚያንጸባርቅ የፀሐይ መከላከያም አይቀርም። ጉንጩ መቅላቱን ትቶ ከነጣ ወይም ከገረጣ፣ እንደ ሰም ከሆነና ሲነኩት ካልተሰማው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ውርጭ በልቶታል። ያኔ ማሸት የለም፣ ወደ ሐኪም ነው። ከዚህ ውጪ ጉንጩን መተው ነው። መተው! አለመቆንጠጥ፣ አለመሳም፣ አለመላስ።

ይህን ሁሉ አሳንሰር ውስጥ ማለት ነበረብኝ። ነገ እላለሁ። ወይም በደረጃ እንወርዳለን፣ ዘጠኝ ፎቅ ነው። ስለ ሴትየዋ ጣት ገና አልጨረስኩም ነበር፤ ግን ልጁ ከመኝታ ቤት ድምፁ ከጠፋ ቆየ፣ የቫዝሊኑም ዕቃ ጠረጴዛው ላይ የለም።