የእናቴን የኢንተርኔት ቢል ማን ነው እየቆለለ ያለው?

የእናቴ የኢንተርኔትና የቤት ስልክ ቢል ዘንድሮም ጨመረ። ምንም አልቀየርንም እኮ! ፍጥነት አላስጨመርንም፣ ኬብል ቲቪ የለንም፣ ቤት ውስጥ ያለነው ሰዎችም ያው ነን። ታዲያ ከየት መጣ?

አሜሪካ ውስጥ ከቤተሰቡ «እንግሊዝኛ ይሻላታል» የተባለች ልጅ ዕጣ ፈንታዋ ይታወቃል። የእናቷን ቢል ታነባለች፣ የአክስቷን ታነባለች፣ ፎቅ ላይ ያሉት እትዬም ፖስታቸውን ይዘው ይመጣሉ። እና ይኸው ስንት ዓመት ሳነብ ኖሬ አሁንም የማይገባኝ መስመር አለ። ቋንቋው ከብዶኝ አይደለም፤ እንዳይገባ ተደርጎ ስለተጻፈ ነው።

ስደውል መጀመሪያ ማሽን ነው። ከዚያ ሙዚቃ። ከዚያ አንዱ ይመጣና «ማዳም፣ እሱ ታክስና ፊ (ተጨማሪ ክፍያ) ነው» ብሎ ይገላግለኛል፣ ማለትም ራሱን ይገላግላል።

ታክስ ከሆነ እሺ። ለ911፣ ለድንገተኛ አደጋ ስልኩ፣ የሚቆረጠውን ሳንቲም ማን ይጠላል? ከእሱ ዝቅ ብሎ ግን «ሬጉላቶሪ ሪከቨሪ ፊ»፣ «አድሚኒስትሬቲቭ ፊ» የሚባሉ አሉ። ላያቸው መንግሥት የጣላቸው ይመስላሉ። አይደሉም! ኩባንያው ራሱ «ሥራዬን ለመሥራት ያወጣሁት ነው» እያለ የሚጨምራቸውና ራሱ የሚወስዳቸው ናቸው። ሽሮ ቤት ገብታችሁ ሽሮው በዚህ ዋጋ ነው ተብላችሁ፣ ስትወጡ ሒሳቡ ላይ «የሽንኩርት ማካካሻ» ተጽፎ ብታገኙት ዝም ትላላችሁ? ወጪ ካለብህ ዋጋህ ውስጥ አስገባና ንገረኝ፣ ውድ ከሆነ ሌላ ጋ እሄዳለሁ። ማስታወቂያው ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገህ ከታች በጎን በኩል አትልቀመኝ።

ስልኩ ላይ ያለው «ዩኒቨርሳል ሰርቪስ» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ገንዘቡ ለገጠር፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለቤተ መጻሕፍትና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሄድ ነው፣ በዚያ ጸብ የለኝም። ግን መዋጮው በሕግ የተጣለው በስልክ ኩባንያዎቹ ላይ ነው። ከደንበኛ መቀበል ተፈቅዶላቸዋል እንጂ አልተገደዱም። ይኼንን ግን በስልክ የሚነግራችሁ የለም፣ «መንግሥት ነው» ብለው ይዘጉታል።

ብዙ አበሻ ቤት ደግሞ ቢሉ ድንገት ያበጠበት ሌላ ምክንያት አለ። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ከኢንተርኔት ቢላቸው በወር እስከ 30 ዶላር ይከፍል የነበረው ኤሲፒ የተባለው የፌዴራል ድጎማ ኮንግረስ ተጨማሪ በጀት ስላልሰጠው በሰኔ 2024 ቆመ። ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ተመዝግቦበት ነበር። ማስታወቂያ ተልኮ ነበር፣ አልዋሽም፤ ግን ያ ሁሉ የእንግሊዝኛ ወረቀት ለእናቴ ከፒዛ ኩፖን ጋር አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ለእሷ የገባት ቢሉ ሲመጣ ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ። ኢንተርኔቱን ቤት የሚያስገባውን ዕቃ፣ ሞደሙን፣ የራሳችንን ገዛን፣ ከኩባንያው የተከራየነውን መለስን፣ ሪሲት ይዘናል። ኪራዩ ግን አሁንም ይቆጠራል። ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ያልሰጡህን ወይም የመለስክላቸውን ዕቃ ኪራይ ማስከፈል አይችሉም። ይህን ስነግራት የኩባንያውን ስልክ ያነሳችው ልጅ «ሲስተሙ ላይ አልታየኝም» አለችኝ። ለመጨመር ሲሆን ሲስተሙ ሁሌ ይታየዋል!

ደግሞ ፕሮሞሽኑ። መጀመሪያ ስትገቡ ዋጋው ማር ነው፣ ዓመት ሲሞላ ራሱን ችሎ ይወጣል። አውቶፔይ ላይ፣ ማለትም ክፍያው በየወሩ በራሱ ሲቆረጥ፣ የሚሰጡት ቅናሽም በባንክ አካውንት ሲሆን አንድ ነው፣ በክሬዲት ካርድ ሲሆን አንዳንዶቹ ጋ ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ካርድ የቀየራችሁ ሰዎች እሱን እዩ።

እናቴማ «የወሰዱትን ይውሰዱ ልጄ፣ ብቻ እንዳይቆርጡት» ትላለች። አዎ፣ የሚተማመኑት በዚህ ነው። ኢንተርኔቱ ከተቆረጠ ከአዲስ አበባ የእህቷን ፊት አታይም፣ ቅዳሴውንም አትከታተልም። አሥር ዶላር ቢጨምሩባት ትከፍላለች። በየቤቱ እንደዚህ ስንት እናት አለች?

ለማንኛውም የምታደርጉት ይኼ ነው። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የምግብ ማሸጊያ ላይ እንዳለው ዓይነት ሠንጠረዥ እንዲያወጡ ተገደዋል። ዋጋው ለጊዜው ብቻ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚሆን፣ በየወሩ ምን ምን ፊ እንዳለው እዚያ ላይ ይጻፋል። ከቢላችሁ ጎን አስቀምጡትና መስመር በመስመር አስተያዩ። ደውላችሁ ካልሰሟችሁ ስልክና ኢንተርኔት ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ኤፍሲሲ፣ ጋ በኦንላይን ቅሬታ አስገቡ። በነፃ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልግም፣ ቅሬታው ለኩባንያው ከተላለፈ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ማሽንና ሙዚቃ የለውም።

እኔ ትናንት ማታ አስገብቻለሁ፣ የሞደሙን ሪሲት አያይዤ። ኪራዩን እንደሚመልሱ አልጠራጠርም። ያችን «አድሚኒስትሬቲቭ» የምትባለዋን ግን ምን ብለው በጽሑፍ እንደሚያስረዱኝ ለማየት ቸኩያለሁ።